ፎቶውን ተዉት፣ ወሩን አትርሱ

ስልካችሁን ከፍታችሁ ቲክቶክ ላይ ትንሽ ብትቆዩ አንድ የሚያለቅስ ልጅ ሳያጋጥማችሁ አትወጡም። ከጀርባ ዋሽንት ይሰማል፣ ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ፊቱ ይጠጋል፣ አንድ ጎልማሳ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «እስቲ ለወገኖቻችን ንገራቸው፣ ትናንት ምን በላህ?» ይለዋል። ልጁ መሬት መሬቱን ያያል። ከሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተጽፏል። እኛም ሆዳችን ይባባል፣ ቴሌብር ከፍተን 100 ወይም 200 ብር እንልካለን፣ «ልኬያለሁ፣ እግዜር ይድረስለት» ብለን ኮመንት እናደርጋለን። ጣታችንን ወደ ላይ ስንገፋ ቀጣዩ ቪዲዮ የሠርግ ጭፈራ ነው።

መስጠቱን አልነቅፍም። እንዲያውም «የዘንድሮ ወጣት ራሱን ብቻ ነው የሚወደው» የሚሉ ሰዎች በላይቭ ገንዘብ ሲሰበሰብ አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለማያውቁት ሰው 50 ብር መላክ ካርድ እንደመሙላት ቀሏል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ያ ልጅ በሚቀጥለው ወር እራቱን ከየት ያመጣል? ከዚያ ቀጥሎ ባለው ወርስ?

ይህን የምጠይቀው ዝም ብዬ ተነስቼ አይደለም። እኔና አራት ጓደኞቼ በአዲስ አበባ ሰሜን ጫፍ፣ እንጦጦ ሥር ባለ አንድ ትንሽ የሰፈር ማኅበር በኩል አንዲት ልጅ መደገፍ የጀመርነው በ2015 መስከረም ላይ ነው። የማኅበሩን ስም አልጠቅስም፣ ማስታወቂያ እንዳይሆንብኝ። የልጅቷንም አልጠቅስም፤ ምክንያቱን ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

የማኅበሩ ቢሮ ድሮ የዕድር ዕቃ ቤት ነበር። አሁንም ግማሹ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ነው፤ በቀረው ግማሽ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት ቁም ሳጥንና አንድ ወፍራም መዝገብ አለ። ኤች አይ ቪ በየቤቱ ወላጆችን በሚያረግፍበት ዘመን ዕድሩ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ድንኳን ይተክል እንደነበር የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ያወራሉ። ቀብሩ ያልቃል፣ ሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ይነሳል፣ ልጆቹ ግን እዚያው ናቸው። «የሞተውን እየቀበርን የቀረውን እንዴት እንተወዋለን?» ብለው የተነሱት የዕድሩ ሴቶች ናቸው። ይህ የአንድ ሰፈር ታሪክ ብቻ አይደለም። በዚያ ጊዜ በአዲስ አበባም በሌሎች ከተሞችም ብዙ ዕድሮች ከቀብር አልፈው ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀምረው ነበር። ዛሬ በእነዚህ ሴቶች መዝገብ ላይ አርባ ምናምን ልጆች አሉ። ደመወዝ የምታገኘው አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ብቻ ናት፤ ሌላው ሁሉ በነጻ ነው።

ስለ ዕድር ግን አንድ ነገር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ማንም ሰው ዕድር ከፍሎ «የቀብሩን ፎቶ ላኩልኝ» አይልም። በአንድ ቀን አሥር ሺህ ብር ሰጥቶ ጀግና የሚባልም የለም። ሁሉም እሁድ ጠዋት ነጠላውን ወይም ጃኬቱን ደርቦ ይሄዳል፣ ያቺኑ የወር መዋጮ ይከፍላል፣ ደብተሩ ላይ ይፈረምለታል፣ ካሳለፈ ይቀጣል። ቅጣቱ የተጻፈው ለዘገየ ሰው ነው፤ ትንሽ ለሰጠ የተጻፈ የለም። አያቶቻችን የደረሱበትን ይህን ነገር እኛ በስልክ ዘመን የጣልነው ይመስለኛል።

የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኝነት ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። መጀመሪያ የሄድን ቀን አንዱ ጓደኛችን «እማማ፣ በየወሩ ከምንመላለስ የዓመቱን ባንዴ ብንሰጣቸውስ?» አላቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «የዓመቱ ካላችሁ ለእኛ ስጡን ልጄ፣ እኛ በየወሩ እንሰጣቸዋለን። ለአያትየው ባንዴ አንሰጥም» አሉ።

ምክንያታቸው እንዲህ ነው። ብዙ ብር ባንዴ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚመጣው ባለ ዕዳ ጠያቂ ነው። ቀጥሎ ለወራት ያልታየ ዘመድ ብቅ ይላል። ከዚያ የሚያንጠባጥብ ጣሪያ ይታወሳል፣ የታመመ ሰው ይገኛል፣ በሁለተኛው ወር ብሩ የለም። በየወሩ በ30 ቀን የሚመጣ 1,000 ብር ግን ባለሱቁም ያውቀዋል። ወሩ መሐል ላይ ዘይት ሲያልቅ «ይውሰዱ እማማ፣ ሠላሳ ሲመጣ ይሰጡኛል» ይላል። አከራዩም ያውቀዋል፤ «ቤቴን ልቀቁልኝ» ከማለቱ በፊት ሠላሳን ይጠብቃል። ብሩ ገና ሳይመጣ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ተምሬአለሁ፤ ይህን እንዲህ ጥርት አድርጎ ያስረዳኝ መምህር ግን አላስታውስም።

እሺ፣ ብሩ ምን ላይ ይውላል? ብዙ ሰው «ደብተር ልግዛላት» ብሎ ይመጣል። ደግ ሐሳብ ነው፣ ግን ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደብተርና ዩኒፎርም የከተማው አስተዳደር ያድላል፣ ተማሪዎቹም ትምህርት ቤት ውስጥ ይመገባሉ። ምገባው ከዚያ በፊት በወ/ሮ ፍሬዓለም ሽባባው በተመሠረተው የእናት ወግ የበጎ አድራጎት ማኅበር ሲሠራበት የቆየ ነው፤ ጥቂት ሰዎች የጀመሩት ነገር ከተማ ሲያክል ማየት ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ስለዚህ እዚህ የሚጎድለው ሌላ ነው። እራት ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ነው። ጫማ፣ የቤት ኪራይ፣ የሐኪም ቤት ካርድ፣ ሞዴስ። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ክረምት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የምሳው ጉዳይ ወደ ቤት ይመለሳል፣ ቤት ያለው ምጣድ ግን ያው ነው። ጳጉሜንም አትርሱ፤ ደመወዝ የማይከፈልባት፣ ሆድ ግን የማይዘጋባት ወር ናት። ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ ልጅ ዝርዝሩ ሊለይ ይችላል፤ እዚያ ደብተሩም ሊያስፈልግ ይችላልና ከመግዛት በፊት መጠየቅ ነው።

«ቆይ፣ ይሄ ሁሉ በእርግጥ ለውጥ ያመጣል?» ለምትሉ አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2013 ብሩስ ዋይዲክ የተባሉ ኢኮኖሚስት ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር፣ ኮምፓሽን ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት በልጅነታቸው ይደግፋቸው የነበሩ ሰዎች አድገው ምን እንደሆኑ አጥንተው አሳትመዋል። ኡጋንዳና ኬንያ ያሉበት ስድስት አገር ነው ያዩት። የተደገፉት ልጆች ካልተደገፉት ይልቅ በአማካይ ከ1 ዓመት በላይ ተጨማሪ ትምህርት ተምረዋል፣ ካደጉም በኋላ ደመወዝ ያለው ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ከፍ ብሏል። ኢትዮጵያ ከስድስቱ ውስጥ አልነበረችም፤ ድርጅቱም ግዙፍ ነው፣ የእኛው ደግሞ ከድንኳንና ከብረት ድስት ጋር ክፍል የሚጋራ ማኅበር ነው። ስለዚህ ውጤቱን ገልብጬ እዚህ አልለጥፈውም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው እነዚያ ልጆች የተደገፉት ለዓመታት መሆኑን ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ዛሬ ፕላን ኢንተርናሽናል የምንለው ድርጅት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1937፣ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የተፈናቀሉ ልጆችን ከሩቅ ደጋፊዎች ጋር በማገናኘት ነው። ወደ ቤታችን ስንመጣ ደግሞ ወ/ሮ አበበች ጎበና አሉ። በ1972 ዓ.ም ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው በረሃብ በተመታው ወሎ ካዩት በኋላ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ቤታቸው ያሉት ልጆች ከ20 አለፉ። ቢሮም፣ ፕሮፖዛልም፣ ሎጎም አልነበራቸውም። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም ሲያርፉ በስማቸው የሚጠራው ድርጅት ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የአብዛኛው አገር በቀል ድርጅት ዘር እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው ማለፍ ያቃተው ነገር።

አሁን ወደ ፎቶው እንምጣ።

ማኅበሩ ጋ አንድ ልጅ አለ። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ቪዲዮ ቀርጾ ለቆት ነበር፣ በሰዓታት ውስጥ ጥሩ ገንዘብ ተሰበሰበለት፣ ቤተሰቡም በዚያ ብር የተወሰነ ጊዜ ተነፈሰ። ብሩ ካለቀ ቆይቷል። ቪዲዮው ግን አላለቀም። ልጁ ትምህርት ቤት ሲቀይር ቪዲዮው ቀድሞት ደረሰ፤ አዲሱ ክፍል ውስጥ ስሙ «የቲክቶኩ» ነው። እግር ኳስ ሲጫወት ጎል ከሳተ «ሼር አድርጉለት» እያሉ ይስቁበታል። ይህን የነገረችኝ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ናት፤ ልጁ ራሱ ስለዚህ አያወራም።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ሕግ አወጣ። የልጅ ፊት የሚታይበት ፎቶ አይለጠፍም፣ ለደጋፊም አይላክም። ደጋፊ በየሦስት ወሩ አንድ ገጽ ወረቀት ይደርሰዋል፦ ትምህርት ቤት ስንት ቀን ቀረች፣ ውጤቷ ምን ይመስላል፣ ጤናዋ እንዴት ነው፣ ብሩ ምን ላይ ዋለ። ማየት የሚፈልግ ለእንቁጣጣሽ ግቢው ውስጥ ቡና ሲፈላ ይመጣል፣ ሁሉንም ልጆች አንድ ላይ ያያል፣ ስጦታ ካመጣም ለሁሉም ነው። ደጋፊና ልጅ ብቻቸውን አይገናኙም፣ ስልክም አይለዋወጡም። አንዳንዱ ሰው በዚህ ይቀየማል፤ «እኔ ብሬን እየሰጠሁ እንዴት እጠረጠራለሁ?» ይላል። እኔ በበኩሌ ይህን የማይከለክል ማኅበር ካጋጠመኝ አንድ ብር አልሰጥም። ደግሞም በ2016 ዓ.ም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቶ ባለበት አገር የአንድን ልጅ በሽታና የእናቱን ሞት ከነፊቱ ሜዳ ላይ የሚያሰጣ ሰው ቢያንስ ሊጠየቅ ይገባዋል። የልጅቷን ስም ያልጠቀስኩትም ለዚህ ነው።

ደጋፊ ሲመርጥ ማየት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አብዛኛው ሰው ትንሽ ልጅ ይፈልጋል፣ በተለይ ሴት፣ በተለይ አምስት ስድስት ዓመት። «ቆንጅዬዋን ስጡን» ያለም ሰምቻለሁ። «እናት አላት እንዴ? እኛ ሙሉ ወላጅ አልባ ነበር የፈለግነው» የሚሉ አሉ፣ ልክ እናት መኖሯ ልጅቷን ከችግር እንደሚያወጣት። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲበዛ የሚመጣውን መገመት አይከብድም፤ አንዳንድ ቦታ እናት እያለች «ሞታለች» የሚል ወረቀት ይጻፋል። በዓለም ዙሪያ በማሳደጊያ ውስጥ ካሉ ልጆች አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት እንዳላቸው በልጆች ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ደጋግመው ይናገራሉ። ከውጭ የሚመጣ ጉዲፈቻ በጥር 2010 ዓ.ም በሕግ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ ዞሯል። ልጁን ከአያቱ ወይም ከአክስቱ ቤት ሳያወጡ መደገፍ ለእሱም ይሻላል፣ በወጪም ይቀንሳል።

እንዴት እንመን? ይህን ሁሌም ስለምትጠይቁኝ ባጭሩ ልናገር። ሒሳቡ በማኅበሩ ስም ነው ወይስ በግለሰብ? በግለሰብ ከሆነ ደህና ሁኑ ብላችሁ ውጡ። ገንዘብ ለማውጣት ስንት ፊርማ ያስፈልጋል? የእኛው ሦስት ነው። ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የምዝገባ ወረቀት አለው? ዕድር በራሱ በዚያ አዋጅ ሥር አይወድቅም፣ ከዕድር ወጥቶ ራሱን የቻለ ማኅበር ግን ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ሊያሳያችሁ ይገባል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ ስንት እንደደረሰ ጠይቁ። ግን ደግሞ «ሳንቲም ሳይነካ ሙሉው ለልጁ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ጠርጠር አድርጉ። በየቤቱ እየዞረች ልጅቷ ለምን እንደቀረች የምታጣራዋ ሠራተኛ ታክሲ ትሳፈራለች፣ እሷም ትበላለች። የእሷ ደመወዝ ለእኔ ከድጋፉ ተነጥሎ አይታየኝም።

ስለ ብር ካነሳን፣ በ200 ብር ነበር የጀመርነው፣ አምስታችን ሆነን 1,000። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በወራት ውስጥ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ሄደ፣ የሱቁም ዋጋ ተከተለው። ቤሩት የምትሠራ አንዲት የሰፈሩ ልጅ በየወሩ 20 ዶላር ትልካለች፤ የእሷ ድጋፍ በብር ሲመነዘር ራሱን አሳደገ። የእኛ 1,000 ግን ቆሞ ቀረ። ገንዘብ ያዧ ደውለው «ልጆቼ፣ ስትጀምሩ የገዛችሁትን ያህል ዛሬ አትገዙም፣ እወቁት ብዬ ነው» አሉን። ቅር አላለንም። ወደ 400 ከፍ አደረግነው። ይህን ደፍሮ የሚናገር ማኅበር ጥሩ ማኅበር ነው።

ከባዱ ፈተና ግን በዚያው ዓመት ጥር ላይ መጣ። ከአምስታችን አንዱ የሚሠራበት ድርጅት ተዘጋ። በዚያው ወር ሌላዋ ዱባይ ሄደች። የቴሌግራም ግሩፓችን ጸጥ አለ፤ የሚያስታውስ ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፣ የሚጽፍ ግን የለም። ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፣ ሚኒስትሪ ልትፈተን ወራት ቀርተዋታል። ማኅበሩ ደጋፊ ማቋረጥ ሲፈልግ ከሦስት ወር በፊት እንዲያሳውቅ ያስፈርማል። ሰው ያልፍበታል እንጂ ወረቀቱ እንደ ጌጥ ነው የሚታየው፤ እኛን ግን ያቺ አንቀጽ ያዘችን። በመጨረሻ ሦስታችን ወደ 600 ብር ከፍ አድርገን የጎደለችውን 200 ሥራ የለቀቀው ጓደኛችን «እሷን አላጣም» ብሎ ሞላት። ዱባይ ያለችው በሦስተኛው ወር ደመወዝ ስትይዝ ተመለሰች፣ እኛም ወደ ቀድሞው ልክ መጣን። ልጅቷ ስለዚህ ሁሉ የምታውቀው ነገር የለም። ለአያቷ በየወሩ በ30 ቀን ያው ብር ደርሷል። ሰኔ ላይ ተፈተነች፣ ዘጠነኛ ክፍል ገባች።

«ዶክተር ትሆናለች!» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ትሁን፣ ማን ይጠላል። ግን በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ዓላማችን ዶክተር ማየት ብቻ ከሆነ ብዙዎቻችን ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲወድቅ ጥለነው እንሄዳለን፣ ያን ጊዜ ደግሞ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገን። ማኅበሩ ዩኒቨርሲቲ ያልገቡትን ቴክኒክና ሙያ እስኪጨርሱ አይለቃቸውም። አንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ የቢሮውን መብራት የሠራው እሱ ነው፤ በየወሩ ደግሞ 100 ብር ያስገባል። ደረሰኝ ሲቆረጥለት «ስም?» ይሉታል፣ እያወቁት።

ባለፈው ሳምንት የወሩን ልከፍል ሄጄ ገንዘብ ያዧ መዝገቡን አዙረው አሳዩኝ። ደጋፊ የሚለው ረድፍ ባዶ የሆነባቸው አሥራ አንድ ስሞች አሉ። ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ዘጠኙ ወንዶች ናቸው፣ ሁሉም ከሰባተኛ ክፍል በላይ፣ ድምፃቸው የጎረነነ፣ እግራቸው ከጫማቸው ያለፈ፣ ቪዲዮ ላይ ቢቀርቡ ማንንም የማያስለቅሱ። «እነዚህን የሚወስድ አጣሁ» አሉኝ፣ እስክሪብቶውን መዝገቡ መሐል እንዳደረጉ።